ልጄን «ሪያልሹለ ይበቃታል» አሉኝ፤ ዕድሏ አለቀ ማለት ነው?

ጥያቄው ሙኒክ ከምትኖር እናት የመጣ ነው። አሳጥሬ ላቅርበው፦

«ልጄ አራተኛ ክፍል ናት። ባለቤቴ ቀድሞ እዚህ ስለነበር እኔና እሷ ከአዲስ አበባ የመጣነው ሁለተኛ ክፍል አጋማሽ ላይ ነው። ስትመጣ ጀርመንኛ አንድ ቃል አታውቅም ነበር። በጃንዋሪ በተሰጠን ወረቀት ጀርመንኛ 3፣ ሒሳብ 2፣ የአካባቢ ትምህርት 3 አግኝታለች። መምህሯ ‹ሪያልሹለ ይበቃታል› አለችኝ። ያወራሁት ሐበሻ ሁሉ ‹በቃ፣ ዩኒቨርሲቲ የለም› ይለኛል። ፍራንክፈርት ያለች እህቴ ደግሞ ‹እኛ ጋ የሚወስነው ወላጅ ነው፣ ለምን አትመጪም› ትላለች። ባለቤቴ በበኩሉ ‹ጎበዝ ከጎበዝ ጋር ቢማር ምን ችግር አለው?› ባይ ነው። ይሄ ነገር ዘረኝነት ነው ወይስ ሕግ? ምን ላድርግ?»

ከቁጥሩ እንጀምር። ባቫሪያ ውስጥ የሚታየው የሦስት ትምህርቶች አማካይ ነው፤ የጀርመንኛ፣ የሒሳብና «ሃኤስኡ» የሚሉት የአካባቢ ትምህርት። እዚህ አገር 1 የበላይ፣ 6 የበታች ውጤት ነው። አማካዩ እስከ 2.33 ከሆነ ጊምናዚዩም፣ እስከ 2.66 ከሆነ መካከለኛው ሪያልሹለ፣ ከዚያ ካለፈ ዝቅተኛው ሚትልሹለ። (ጊምናዚዩም ሲባል የስፖርት ቤት የሚመስለው ዘመድ ስለማይጠፋ፦ ወደ ዩኒቨርሲቲ በቀጥታ የሚወስደው ትምህርት ቤት ነው።) የልጅዎ ድምር 8 ነው። ለሦስት ሲካፈል 2.66። ጀርመንኛዋ 3 መሆኑ ቀርቶ 2 ቢሆን ኖሮ ድምሩ 7 ሆኖ በሩ ይከፈትላት ነበር። ስለዚህ መምህሯ ከኪሷ ያወጣችው ነገር የለም፤ ደምራ አካፍላ ነው የነገረችዎት። «ዘረኛ ናት» የሚለውን ለጊዜው ያቆዩት።

ግን ያልተነገረዎት ነገር አለ። የባቫሪያ ደንብ ለእንደ ልጅዎ ዓይነት ልጆች የተለየ ቀዳዳ ትቷል። አፍ መፍቻዋ ጀርመንኛ ያልሆነ፣ ከአንደኛ ክፍል ጀምራም በጀርመን ትምህርት ቤት ያልተማረች ልጅ፣ አማካይዋ እስከ 3.33 ቢደርስም ለጊምናዚዩም ብቁ ናት ልትባል ትችላለች። ይህ የሚሆነው ውጤቷን የጎተተው የጀርመንኛ ድክመት ከሆነና ድክመቱ ሊስተካከል የሚችል ከሆነ ነው። የእርስዎ ልጅ 2.66 ላይ ናት። ከ3.33 ብዙ ርቃለች፣ በጥሩ አቅጣጫ። በሁለት ዓመት ውስጥ ከዜሮ ተነስታ ጀርመንኛ 3 ያመጣች ልጅ ድክመቷ «ሊስተካከል የሚችል» ካልተባለ የማን ሊባል ነው?

«ልትባል ትችላለች» ማለቴን ልብ ይበሉ። «ትባላለች» አላልኩም። መብት ሳይሆን የመምህራን ፍርድ ነው። ስለዚህ ሰው ካልጠየቀ ዝም ብሎ የሚያልፍ ነገር ነው። መምህሯ ሆን ብላ ደብቃዎት ላይሆን ይችላል፤ ሃያ ምናምን ልጆች፣ ሃያ ምናምን ወላጆች፣ አንድ ሰንጠረዥ። ሰንጠረዡ 2.66 ሲል ሪያልሹለ ይነበባል፣ ቀጣዩ ወላጅ ይጠራል።

አሁን ወደ «ሕግ ነው ወይስ ዘረኝነት» እንመለስ። መልሴ ሁለቱንም የሚያስደስት አይደለም። ሕግ ነው፤ ሕጉ ግን ሁሉንም ልጅ እኩል አይመዝንም። ምክንያቱ መምህሩ ክፉ ስለሆነ አይደለም። አሥር ዓመት የሞላው ልጅ ሲመዘን አብሮት ቤቱም ይመዘናል።

አንድ ጊዜ ለአንድ አባት ላስተረጉም ትምህርት ቤት ሄጄ ነበር። የተቀመጥነው በልጆቹ ወንበር ላይ ነው፤ ጉልበታችን አገጫችን ሊደርስ ምንም አልቀረውም። መምህሯ ፋይሏን ገለጠችና «ልጅዎ በጣም ዝምተኛ ናት» አለች። ተረጎምኩ። አባትየው ፊቱ በራ። «እግዚአብሔር ይመስገን» አለ። መምህሯ ግራ ገብቷት አየችኝ። እሱ የሰማው «ጨዋ ልጅ አሳድገሃል» የሚል ነው። እሷ ያለችው ግን «ነጥብ እየቀነስኩባት ነው» ነው። እዚህ አገር እጅ አውጥቶ መናገር ራሱ ውጤት አለው፤ የቃል ተሳትፎ ከፈተናው ጋር ይደመራል። ማስተርጎሜን አቁሜ ለሁለቱም ማስረዳት ነበረብኝ። ያቺ ልጅ ቤት ውስጥ አፏ አይዘጋም ነበር። ክፍል ውስጥ ግን የጀርመንኛ ስሞችን ጾታ የሚለዩትን ዴር፣ ዲ፣ ዳስ ተሳስታ እንዳይሳቅባት ፈርታ ትቀመጣለች። ሦስተኛ ክፍልን በሙሉ እንደዚያ አሳልፋለች። ይሄ ችሎታ ነው ወይስ ፍርሃት? ሰንጠረዡ አይለይም።

ሌላም አለ። መምህሩ «ጊምናዚዩም ይችላል» ከማለቱ በፊት ልቡ ውስጥ አንድ ጥያቄ ይመላለሳል፦ ቤት ውስጥ ማን ያግዘዋል? ሐኪም ወይም ጠበቃ ወላጅ ያለው ልጅ ቢሸራተት የሚይዘው አለ ብሎ ያስባል። የጽዳት ሠራተኛ ልጅ ቢሸራተት ብቻዋን ናት ብሎ ያዝናል፤ ከማዘኑ የተነሳ ዝቅ አድርጎ ይመድባታል። ኢግሉ የሚባለው የአራተኛ ክፍል የንባብ ጥናት ይህን ደጋግሞ አሳይቷል። የንባብ ችሎታቸውና የአእምሮ ብቃታቸው እኩል የሆኑ ሁለት ልጆች ተወስደው ሲነጻጸሩ፣ የባለ ከፍተኛ ሙያ ልጅ ከሠራተኛው ልጅ ይልቅ ለጊምናዚዩም የመታሰብ ዕድሉ ከሁለት እጥፍ በላይ ነው። እኩል ችሎታ ይዘው ማለት ነው! በ2001 መጨረሻ ፒሳ የሚባለው ዓለም አቀፍ የተማሪዎች ፈተና የመጀመሪያ ውጤት ሲወጣ ጀርመን የደነገጠችውም በዚህ ነው። አማካዩ ዝቅ ማለቱ ብቻ አልነበረም፤ የልጁ ውጤት ከወላጁ ኑሮ ጋር እንዲያ መጣበቁ ነው። (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው፣ ዓ.ም. ካላልኩ በቀር።) በ2006 የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት መብት ልዩ ራፖርተር ቬርኖር ሙኞዝ ጀርመንን ጎብኝተው ልጆችን እንዲህ በጊዜ መለያየቱን በግልጽ ተችተዋል።

ታዲያ ለምን አልተቀየረም? ሊቀየር ተሞክሮ ያውቃል። ከጦርነቱ በኋላ አሜሪካኖች ሁለትና ሦስት ቦታ የተከፈለው ትምህርት ቤት አንድ እንዲሆን ገፍተው ነበር። ባቫሪያ ላይ የትምህርት ሚኒስትሩ አሎይስ ሁንድሃመር እምቢ አሉ፤ እምቢታቸውም አሸነፈ። በ2010 ደግሞ ሃምቡርግ ልጆች አብረው የሚማሩበትን ጊዜ ከአራት ዓመት ወደ ስድስት ሊያሳድግ ተነሳ። ሕዝበ ውሳኔ ተጠራ፣ ሐሳቡ ወደቀ። የሚገርመው፣ ጀርመናዊ ዜግነት የሌለው ወላጅ በዚያ ድምፅ መስጠት አይችልም ነበር። ጉዳዩ በዋናነት የሚነካቸው ብዙዎች ውጭ ቆመው ነው ውጤቱን የሰሙት። እውነት ለመናገር፣ የተሻሻለም አለ። በርሊንና ብራንደንቡርግ ልጆችን የሚለዩት ከስድስተኛ ክፍል በኋላ ነው። በርሊንና ሃምቡርግ ዝቅተኛውን ሃውፕትሹለንና ሪያልሹለን አዋህደው ከጊምናዚዩም ጎን እስከ አቢቱር (የዩኒቨርሲቲ መግቢያው የምስክር ወረቀት) የሚያስተምር ሁለተኛ ዓይነት ትምህርት ቤት ብቻ አስቀርተዋል። ባቫሪያ ግን ባቫሪያ ናት።

የባለቤትዎ ጥያቄ ቀላል አይደለም፤ ብዙ መምህር እንደሱ ያስባል። «ጎበዝ ከጎበዝ» ሲባል ሁለት የተለያዩ ነገሮች ይቀላቀላሉ። አንዱ ልጆችን እንደደረሱበት ደረጃ ለይቶ ማስተማር ነው። ይህ ሊሠራ ይችላል። ምዕራብ ኬንያ ውስጥ በ121 ትምህርት ቤቶች በተደረገ ሙከራ፣ የአንደኛ ክፍል ተማሪዎች ግማሾቹ ጋ በደረጃ፣ ግማሾቹ ጋ በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። ከዓመት ተኩል በኋላ በደረጃ በተከፈሉት ትምህርት ቤቶች ውስጥ ጎበዞቹም ደካሞቹም የተሻለ ውጤት አመጡ፤ አስተማሪው ለፊቱ ላሉት ልጆች በሚመጥን ደረጃ ማስተማር ስለቻለ። ባለቤትዎ ይህን ቢያመጣብኝ አልክድም።

ግን እዚያ ልጆቹ አንድ ግቢ፣ አንድ ሥርዓተ ትምህርት፣ አንድ ደወል ነበራቸው። የጀርመኑ ሌላ ነገር ነው። ሌላ ሕንጻ፣ ሌላ መጽሐፍ፣ ሌላ መጨረሻ። የኢኮኖሚ ተመራማሪዎቹ ኤሪክ ሃኑሼክና እዚያው ሙኒክ ያለው ሉድገር ቮስማን በ2006 ያሳተሙት ጥናት በርካታ አገሮችን አነጻጽሯል፤ አንደኛ ደረጃ ላይ ያለው የልጆች ልዩነት ሁለተኛ ደረጃ ሲደርሱ ምን ይሆናል ብሎ። ልጆችን በጊዜ የሚለዩ አገሮች ልዩነቱን ያሰፋሉ። በምትኩ አማካይ ውጤታቸው ከፍ ይላል ወይ ቢባል፣ ለዚያ ግልጽ ማስረጃ አልተገኘም። ፊንላንድ በ1970ዎቹ ልጆቿን ሁሉ ለዘጠኝ ዓመት አንድ ትምህርት ቤት አስገባች። ጎበዞቿ አልጠፉም።

ስለ ኅብረተሰብ ደግሞ ይህን ልበል። ባለቤትዎ «ጎበዝ ከጎበዝ» ሲል ልጁን ከጎበዞቹ ወገን አስቀምጦ ነው። ሁላችንም እንደዚያው ነን። ችግሩ፣ ሐኪም የምትሆነውና በሽተኛውን የምታጥበው ከአሥር ዓመታቸው ጀምሮ አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው አያውቁም። ማስቲካ ተካፍለው፣ ተጣልተው፣ ታርቀው አያውቁም። ሃያ አምስት ዓመት ሲሆናቸው አንድ ሆስፒታል ውስጥ ይገናኙና አንዷ ሌላዋን እንዴት እንደምታናግር ግራ ይገባታል። የሰፈር ትምህርት ቤት የሚያስተምረው ትልቁ ነገር ሒሳብ አይደለም፤ አብሮ መኖር ነው።

እኛስ ይህን አናውቀውም እንዴ? በ1966 ዓ.ም. የካቲት ላይ መምህራን ሥራ ያቆሙበት አንዱ ምክንያት «ሴክተር ሪቪው» የተባለው የትምህርት ጥናት ነበር። ብዙኃኑ ልጅ አራት ዓመት መሠረታዊ ትምህርት ተምሮ ወደ ሥራ ይግባ፣ ጥቂቱ ይቀጥል የሚል ሐሳብ ነበረበት። ወረቀቱ ላይ ምክንያቱ ጥሩ ነበር፤ ገጠሩ ትምህርት ይድረሰው፣ ሥራ አጥ ምሩቅ ይቀንስ። ወላጅ ግን ወረቀቱን አላነበበም፤ የነጋዴውና የባለሥልጣኑ ልጅ ከ«ጥቂቱ» ውስጥ እንደሚሆን፣ የእሱ ከ«ብዙኃኑ» እንደሚሆን ገባው። ከዚያ በኋላም በ1986 ዓ.ም. የወጣው ፖሊሲ አሥረኛ ክፍልን መንታ መንገድ አደረገው፤ ያለፈ ወደ መሰናዶ፣ ያላለፈ ወደ ቴክኒክና ሙያ። ለዚህ ነው አንድ ሐበሻ «ሙያ» ሲባል «ወደቀ» ብሎ የሚተረጉመው።

ያንን ትርጉም እዚህ ይዘው አይምጡ። ጀርመን ውስጥ አውስቢልዱንግ፣ ማለትም የሙያ ሥልጠና፣ የወደቀ ሰው መጠለያ አይደለም። ወጣቱ አብዛኛውን ጊዜ ድርጅት ውስጥ ደመወዝ እየተከፈለው ይሠራል፣ በቀረው ትምህርት ቤት ይማራል። ከዚያ ማይስተር የሚባለውን ማዕረግ ከያዘ፣ ከ2009 ጀምሮ ያለ አቢቱር ዩኒቨርሲቲ የመግባት መብት አለው። የቧንቧ ባለሙያ ለማግኘት ስንት ሳምንት እንደሚጠበቅ ሙኒክ የኖረ ሰው ያውቀዋል።

«ሪያልሹለ ከገባች ዩኒቨርሲቲ የለም» የሚለውም ስሕተት ነው። ሪያልሹለ በአሥረኛ ክፍል ያልቃል። ከዚያ በጀርመንኛ፣ በእንግሊዝኛና በሒሳብ አማካይዋ እስከ 3.5 ከሆነ ፋህኦበርሹለ የሚባል ከፍተኛ የሙያ ትምህርት ቤት ትገባለች። አሥራ ሁለተኛ ስትጨርስ የተግባር ሳይንስ ዩኒቨርሲቲዎች ይቀበሏታል። አሥራ ሦስተኛን ከጨመረችና ሁለተኛ የውጭ ቋንቋ ካላት ሙሉ አቢቱር ይዛ ሕክምናም ቢሆን ታመለክታለች። ለዚህ ነው ሪያልሹለ የሚገቡ ልጆች ሰባተኛ ክፍል ላይ የሚመርጡትን ዘርፍ በዋዛ እንዳያዩት የምመክረው። ያኔ ፈረንሳይኛ የመረጠች ልጅ የሁለተኛ ቋንቋውን ጉዳይ ቀድማ ትገላገለዋለች። መንገዱ አለ። ግን እውነቱን ልንገርዎት፤ ረዥም ነው፣ መታጠፊያ ይበዛዋል፣ እያንዳንዱ መታጠፊያ ላይ መረጃ ያለው ወላጅ ያስፈልጋል። በጊምናዚዩም ልጁ ካልወደቀ ወደፊት ይሄዳል። በሌላው መንገድ ካልጠየቀ ይቆማል።

ፍራንክፈርት ስላለችው እህትዎ፦ ልክ ናት፣ ሄሰን ውስጥ የመጨረሻው ቃል የወላጅ ነው። ያልነገረችዎት፣ ልጁ ካልቻለ በአምስተኛና ስድስተኛ ክፍል የመምህራኑ ጉባኤ ወደ ሌላ ዓይነት ትምህርት ቤት ሊያዛውረው እንደሚችል ነው። ደግሞም ይህ ደንብ በየክፍለ ግዛቱ ከምርጫ ምርጫ ይገለባበጣል። ባደን ቩርተምበርግ በ2012 ለወላጅ ትቶት ነበር፤ ከ2025/26 ጀምሮ ደግሞ ለጊምናዚዩም ከመምህር ምክር፣ ከፈተናና ከወላጅ ፍላጎት ሁለቱ ካልተስማሙ ሌላ ፈተና ይጠይቃል። ለዚህ ብላችሁ ቤት አትልቀቁ። የልጅቷን ጓደኞችና የሙኒክን ቤት ኪራይ ውል አንድ ላይ ማጣት ቀላል ነገር አይደለም።

አሁን ምክሬ። ጊምናዚዩምን ይጠይቁላት። የማመነታበት ነገር የለም። ሒሳቧ 2 ነው፣ ቋንቋዋ በሁለት ዓመት እዚህ ደርሷል፣ ደንቡም ለእሷ ነው የተጻፈው።

የጃንዋሪው ወረቀት መረጃ ነው እንጂ ውሳኔ አይደለም። ውሳኔው በሜይ መጀመሪያ የሚሰጠው የመሸጋገሪያ ሰርተፊኬት ነው። ስለዚህ ጊዜ አለዎት፣ ግን ብዙ አይደለም። በዚህ ሳምንት ለመምህሯ አጭር ደብዳቤ ይጻፉ። ልጅዎ ጀርመን ትምህርት ቤት የገባችበትን ቀን በትክክል ያስቀምጡ፤ ጉዳዩ የሚቆመው በዚያ ቀን ላይ ነው። ከአንደኛ ክፍል ጀምራ እንዳልተማረች ገልጸው፣ እስከ 3.33 የሚፈቅደው ልዩ ድንጋጌ ለእሷ እንዲታይ ይጠይቁ። ስብሰባው ላይ አስተርጓሚ ይዘው ይሂዱ፤ ልጅቷን ግን አያስተርጉሟት። ስለራሷ የሚባለውን የአሥር ዓመት ልጅ መሸከም የለባትም፣ ደግሞም የማይጥማትን ትዘላለች። «በጀርመንኛ ያጣችው ነጥብ የሐሳብ ነው ወይስ የቋንቋ?» ብለው ይጠይቁ። የአካባቢ ትምህርቱን ፈተና ወረቀት ያስወጡ፤ ብዙ ጊዜ ልጁ መልሱን አውቆ ቃሉን ያጣበት ቦታ ዓይን ላይ ይወድቃል።

መምህሯ እምቢ ካለች ርዕሰ መምህሩ አለ፤ ከትምህርት ቤቱ ውጭ ደግሞ የክፍለ ግዛቱ የትምህርት ምክር ቢሮ አለ፣ ነፃ ነው። ያም ካልሆነ የመግቢያ ሙከራ አለ፤ «ፕሮበኡንተርሪኽት» ይሉታል። ጊምናዚዩሙ ውስጥ ሦስት ቀን በጀርመንኛና በሒሳብ ትፈተናለች። በአንዱ 3፣ በሌላው 4 ካመጣች አለፈች። ሁለቱም 4 ከሆነ ውሳኔው የእናንተ ነው። ማስጠንቀቂያ ግን አለኝ፦ ለሦስት ቀን ብላችሁ ሦስት ወር አታስጨንቋት። ሆዷን እያመማት ሙከራ የገባች ልጅ አውቃለሁ፤ አለፈች፣ ትምህርት ቤቱን ግን ዓመት ሙሉ ጠላችው።

ከገባችም ቀላል አይደለም። እንግሊዝኛ ይቀጥላል፤ ስድስተኛ ክፍል ላይ ላቲን ወይም ፈረንሳይኛ ይጨመራል። ከአማርኛው ጋር አራተኛ ቋንቋዋ ነው። ከአሁኑ አስጠኚ ያስቡ። ቮንጌልድ (የቤት ኪራይ ድጎማ) ወይም ሌላ የማኅበራዊ ድጎማ የምታገኙ ከሆነ የማስጠናት ወጪ የሚሸፍን የልጆች ፓኬጅ አለ፤ ማመልከቻውን ትምህርት ቤቱ ይፈርምበታል።

«ጀርመንኛዋ እንዲሻሻል ቤት ውስጥ አማርኛ አቁሙ» የሚል ሰው ከመጣ አይስሙት፣ መምህርም ቢሆን። በእርስዎ የተሰባበረ ጀርመንኛ የምታተርፈው የለም። በአማርኛ ግን ይከራከሯት፣ ተረት ያስተርቷት፣ ዜና ሰምታ እንድታስረዳዎ ያድርጉ። ሐሳብ ማደራጀት የምትለምደው በዚያ ነው። ከሁሉ በፊት ደግሞ ክፍል ውስጥ እጇን እንድታወጣ ይንገሯት፤ ብትሳሳትም። በቀን አንድ ጊዜ ብቻ። ማታ ስትመጣ «ስንት አገኘሽ?» ከማለት «ዛሬ ስንቴ እጅሽን አወጣሽ?» ብለው ይጠይቋት።